በጭንቅ ጊዜ የሚያበረቱ የጃፓን ዘፈኖች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የዘፈኖቹን ስም በአነጋገራቸው በፊደል ጽፈነዋል፤ ትርጉማቸውንም አብረን አስቀምጠናል።

ጃፓኖች «የማበረታቻ ዘፈን» የሚሉት የትኛውን ነው?

ቃሉ «ኦኤንካ» ነው፤ «ኦኤን» ድጋፍ ማለት ሲሆን «ካ» ዘፈን ነው። የተወለደው ሜዳ ዳር ነው። የዩኒቨርሲቲ ቤዝቦል ቡድኖች ሲጋጠሙ ደጋፊ ተማሪዎች ከበሮ እየደለቁ በአንድ ድምፅ የሚዘፍኑት ነበር። የዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ደጋፊዎች ዛሬም ድረስ የሚዘፍኑትን «ኮንፔኪ ኖ ሶራ» (ጥልቅ ሰማያዊ ሰማይ) በ1931 ዜማ የሰጠው ዩጂ ኮሴኪ የሚባል ወጣት ነው። ይኸው ሰው በ1948 ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የበጋ ቤዝቦል ውድድር «ኤይካን ዋ ኪሚ ኒ ካጋያኩ» (የድል አክሊል ባንተ ላይ ያበራል) የሚለውን ደረሰ። የግጥሙ ጸሐፊ ዳይሱኬ ካጋ ራሱ ቤዝቦል ይጫወት ነበር፤ በጨዋታ የደረሰበት ጉዳት አመርቅዞ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጥቷል። ግጥሙን ለውድድር ያስገባው በእጮኛው ስም ነው፤ እውነቱን የተናገረው ከሃያ ዓመት በኋላ ነበር። ራሱ ከእንግዲህ የማይሮጠውን ሩጫ ለሚሮጡት ልጆች የጻፈ ሰው ነው፤ ይህን አውቆ ዘፈኑን የሚሰማ ሰው ቃሉን በሌላ ጆሮ ይሰማዋል።

ኮሴኪን እኛም ሳናውቀው እናውቀዋለን። የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሊምፒክ የመክፈቻ ሰልፍ ማርሽ የደረሰው እሱ ነው። ማርሹ ጥቅምት 10 ቀን ተሰማ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን አበበ ቢቂላ በዚያው ከተማ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ ለሁለተኛ ጊዜ ወርቅ አጠለቀ።

ዛሬ ቃሉ ሰፍቷል። ፈተና ላይ የተቀመጠን፣ ሥራ ያጣን፣ ሐዘን የወደቀበትን ሰው የሚደግፍ ዘፈን ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል።

ከየትኛው ልጀምር?

ከ«ኡኤ ኦ ሙይቴ አሩኮኦ»። ትርጉሙ «ቀና ብለን እንራመድ» ነው። በ1961 ወጣ፤ ድምፃዊው ኪዩ ሳካሞቶ፣ ግጥሙ የሮኩሱኬ ኤይ፣ ዜማው የሃቺዳይ ናካሙራ ነው። በ1963 አሜሪካ ውስጥ በቢልቦርድ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ሦስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል፤ ያውም በጃፓንኛ እንደተዘፈነ።

ሰው ዜማውን ሰምቶ ደስታ ብቻ ይመስለዋል። ግጥሙ የሚለው ግን ሌላ ነው፦ ቀና ብሎ የሚሄደው እንባው እንዳይወርድ ነው። አንገቱን ያቀናው ስለተጽናና አይደለም፤ እያለቀሰ ነው የሚራመደው። ኤይ ቃሉን የጻፈው በ1960 ጃፓን ከአሜሪካ ጋር ባደረገችው የጸጥታ ውል ላይ የተነሣው ተቃውሞ ከሽፎ ልቡ በተሰበረ ጊዜ ነበር። ከመጨረሻው አካባቢ ዘፋኙ ቃሉን ትቶ ያፏጫል። እዚያ ላይ ጆሮዎን ይስጡ፤ እንባ ያነቀው ሰው መናገር ሲያቅተው ማፏጨት ይቀለዋል።

አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ «ስኪያኪ» በሚል ስም ነው የሚታወቀው። ስሙን ያወጣለት ፓይ የተባለው የእንግሊዝ ሸክላ አሳታሚ ነው፤ ለአፍ ይቀላል ብሎ። ስኪያኪ ግን በሥጋና በአትክልት የሚሠራ ምግብ ነው፤ ከዘፈኑ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። ሳካሞቶ በነሐሴ 12 ቀን 1985 በጃፓን አየር መንገድ በረራ ቁጥር 123 አደጋ ሕይወቱ አለፈ።

«ጋንባሬ» ማለት ምንድን ነው? ለምንስ አንዳንዶች ይህን ቃል ለተጨነቀ ሰው አትበሉ ይላሉ?

ይህን ነገር አማርኛ ተናጋሪ ከማንም በላይ በቀላሉ ይረዳዋል፤ በእኛ ቋንቋ «በርታ» እና «አይዞህ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸውና። «ጋንባሬ» በርታ ነው። ሰሚው አንድ ነገር እንዲያደርግ ይጠይቃል። ለሯጭ፣ ለተፈታኝ፣ ሥራ ለሚጀምር ሰው ተገቢ ነው። ጉልበቱ አልቆ ከአልጋ መነሣት ላቃተው ሰው ግን «እስካሁን አልበረታህም» ብሎ የመውቀስ ያህል ሊሰማው ይችላል። ጃፓን ውስጥ በድባቴ ለታመመ ሰው «ጋንባሬ» አይባልም የሚለው ምክር በሰፊው የታወቀ ነው።

የቃሉ መጨረሻ ሲለወጥ ጠባዩም ይለወጣል። «ጋንባሮኦ» ሲሆን «እንበርታ» ነው፤ ተናጋሪው ራሱንም አብሮ ይቆጥራል። ኮቤ ከተማ በጥር 17 ቀን 1995 በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ የከተማዋ ቤዝቦል ቡድን ኦሪክስ ብሉዌቭ «ጋንባሮኦ ኮቤ» የሚለውን ቃል እጅጌው ላይ ለጥፎ ተጫወተ፤ በዚያው ዓመት የሊጉ አሸናፊ ሆነ። ለአይዞህ የሚቀርበው ደግሞ «ዳይጆኦቡ» ነው፤ ምንም አይደለም፣ ደህና ነው እንደማለት። «ማኬናይዴ» አትሸነፍ፣ እጅ አትስጥ ነው፤ ልመናም አለበት።

ስለዚህ ዘፈን ሲመርጡ መጀመሪያ የሚለዩት ይህን ነው፦ ግጥሙ በርታ ይላል ወይስ አይዞህ?

ሰው ለሞተበት ወዳጄ የትኛውን ልላክለት?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሩጫና የማርሽ ዘፈን አይላኩ። «ቀና ብለን እንራመድ» ይሆናል፤ እንባውን አይከለክልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ዘፈን አለ፦ «ሃና ዋ ሳኩ» (አበባ ያብባል)። መጋቢት 11 ቀን 2011 ሰሜን ምሥራቅ ጃፓንን 9.0 በሆነ መጠን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ካለፈ በኋላ፣ በ2012 የጃፓን ብሔራዊ ጣቢያ ኤንኤችኬ ለመልሶ ግንባታው ድጋፍ ያሠራው ነው። ዜማው የዮኮ ካኖ፣ ግጥሙ የሹንጂ ኢዋይ ነው፤ ሁለቱም የሴንዳይ ልጆች ናቸው። በምስሉ ላይ ዘፋኞቹ እያንዳንዳቸው አንዳንድ አበባ በእጃቸው ይዘው ይታያሉ። ለስላሳ ስለሆነ ሰው ለሐዘንተኛ ፈጥኖ ይልከዋል። ሆኖም በግጥሙ ውስጥ የሚናገሩት የሞቱት ሰዎች ናቸው፤ ኢዋይ የጻፈው በእነርሱ አንደበት ነው፤ ከእነርሱ በኋላ ለሚመጣው ሕፃን አበባው እንዲያብብ ይመኛሉ። ይህን የተረዳ ሐዘንተኛ በሰባተኛው ቀን ሊሰበር ይችላል፤ በዓመቱ ግን ያው ዘፈን ሊያጽናናው ይችላል። ትርጉሙን ሳይነግሩ አይላኩት።

ከ2011 አደጋ በኋላ ሰዎች በእርግጥ የዘፈኑት ምን ነበር?

ማንም ያልጠበቀው የልጆች ዘፈን ነበር፦ «አንፓንማን ኖ ማኣቺ»፣ የአንፓንማን ማርሽ። አንፓንማን ከ1988 ጀምሮ በቴሌቪዥን የሚታይ የካርቱን ጀግና ነው። ጭንቅላቱ ጣፋጭ የባቄላ ሊጥ የተሞላ ዳቦ ነው፤ የራበው ሰው ሲያገኝ ከፊቱ ቆርሶ ያበላል፤ ሲቆርስም ኃይሉ ይቀንሳል። የፈጠረውና የማርሹን ግጥም የጻፈው ታካሺ ያናሴ በጦርነቱ ወታደር የነበረ፣ ታናሽ ወንድሙንም በጦርነት ያጣ ሰው ነው። ከአደጋው በኋላ አድማጮች ይህን ዘፈን እንዲያሰሙ የሬዲዮ ጣቢያዎችን በብዛት ጠየቁ። ዜማው የመዋዕለ ሕፃናት ነው፤ ግጥሙ የሚጠይቀው ግን የሽማግሌ ጥያቄ ነው፦ ለምን ተወለድክ? ምን ብታደርግ ደስ ይልሃል? ሕፃናቱ እየዘለሉ ይዘፍኑታል፤ ወላጅ አጠገባቸው ቆሞ ያለቅሳል። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ከዚህ የተሻለ የጋራ ዘፈን አላየንም።

ከዚያ የተማሪዎቹ ዘፈኖች አሉ። በሴንዳይ የሃቺኬን መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለውድድር ሲለማመዱት የነበረውን «አሱ ቶ ዩ ሂ ጋ» (ነገ የሚባል ቀን) በትምህርት ቤታቸው የስፖርት አዳራሽ ለተጠለሉ ተፈናቃዮች ዘፈኑት፤ ከዚያ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ ተዛመተ።

ልብ የሚነካው ግን «ጉንጆኦ» ነው፤ ስሙ ጥልቅ ሰማያዊ ቀለም ነው። ኦዳካ በፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ አቅራቢያ ያለ ሰፈር ነው፤ ነዋሪው በሙሉ ወጣ፤ የመለስተኛው ትምህርት ቤት ልጆችም በመላ አገሪቱ ተበተኑ። የሙዚቃ መምህርቷ ትልቅ ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅላ የልጆቹን ፎቶ እያንዳንዱ በሄደበት ቦታ ለጠፈች። ካርታውን የከበቡት ልጆች «ሩቅ ነው» ሲሉ «ሰማዩ ግን የተያያዘ ነው» የሚል ቃል ወጣ። መምህርቷ ልጆቹ የተናገሩትንና የጻፉትን ሰብስባ ዜማ ሠራችለት፤ በ2013 በምርቃታቸው ተዘመረ። አገሩን ጥሎ የወጣ፣ ጓደኞቹ በየአህጉሩ የተበተኑበት ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ለፈተና፣ ለሥራ ፍለጋ፣ ለሩጫስ?

ለሩጫ «ማኬናይዴ»። ዛርድ የተባለው የሙዚቃ ቡድን ዘፈን ነው፤ ጥር 1993 ወጣ፤ ግጥሙ የድምፃዊቷ የኢዙሚ ሳካይ፣ ዜማው የቴትሱሮ ኦዳ ነው። በየዓመቱ በሚተላለፈው የ24 ሰዓት የበጎ አድራጎት ቴሌቪዥን ፕሮግራም ሯጩ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ የሚዘፈነው ይህ ነው። ሥልጠና ላይ ሲጠቀሙበት መጀመሪያ ላይ አያስገቡት፤ ሰውነት ሳይሞቅ ያስሮጣል። እግር በሚዝልበት የመጨረሻ ሩብ ላይ ያድርጉት።

ረጅም ነገር ለያዘ ሰው፣ ዕዳ ለሚከፍል፣ ከሕመም ለሚያገግም፣ ቋንቋ ለሚማር፣ በ1968 ኪዮኮ ሱይዜንጂ የዘፈነችው «ሳንቢያኩ ሮኩጁኡ ጎ ሆ ኖ ማኣቺ» (የ365 እርምጃ ማርሽ) ይሻላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ደስታ በእግሩ አይመጣም፣ አንተ ሂድበት፤ በቀን አንድ እርምጃ፣ በሦስት ቀን ሦስት። ቀጥሎ ሦስት ሄዶ ሁለት መመለስም እንዳለ ይናገራል። ብዙ የማበረታቻ ዘፈን ወደ ኋላ መመለስን አይቆጥርም፤ ይህ ግን ሒሳቡ ውስጥ አስገብቶታል።

ለወጣት የአንጄላ አኪ «ቴጋሚ» (ደብዳቤ) አለ፤ በ2008 ለኤንኤችኬ የትምህርት ቤቶች የኅብረ ዝማሬ ውድድር የተደረሰ ነው። በመጀመሪያው ክፍል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ለወደፊቱ ለራሱ ይጽፋል፤ በሁለተኛው ትልቁ ሰው ይመልስለታል፤ ትልቁም ዛሬም እንደሚጨነቅ አይደብቅም። ግማሹን ብቻ ቆርጠው ካሰሙ ጥያቄው ያለ መልስ ይቀራል። እስከ መጨረሻው ያሰሙ።

ለተናቀና ለተበደለ ሰው ደግሞ የሚዩኪ ናካጂማ «ፋይቶ!» (1983)። የሚጀምረው ትምህርቷ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ብቻ በመሆኑ ሥራ ስለተከለከለች ልጅ ደብዳቤ ነው። አዝማቹ በቀዝቃዛ ውኃ እየተንቀጠቀጡ ወደ ላይ የሚዋኙ ዓሦችን ያስታውሳል። ሻካራ ነው፣ ቁጣም አለበት፤ ቁጣ ላለበት ሰው ለስላሳ ዘፈን መስጠት አፉን መዝጋት ነው።

ልጄ ራሷን ከሌሎች ጋር እያወዳደረች ትሰቃያለች። የሚሆን አለ?

«ሴካይ ኒ ሂቶትሱ ዳኬ ኖ ሃና» (በዓለም አንዲት ብቻ የሆነች አበባ)። ኖሪዩኪ ማኪሃራ ደረሰው፤ ስማፕ የተባለው ቡድን በ2003 በነጠላ አወጣው። ነገሩ የሚጀምረው አበባ መሸጫ ሱቅ ፊት ለፊት ነው፤ በአንድ ባልዲ የቆሙ አበቦች ማን ይበልጣል ብለው አይጣሉም።

ለምንድን ነው የአንዳንዱ ዜማ ለጆሯችን ቤተኛ የሚሆነው?

ቅኝቶቹ ስለሚገጥሙ ነው። ጃፓኖች «ዮናኑኪ» የሚሉት ባለ አምስት ድምፅ ስልት አለ፤ ቃሉ «አራተኛና ሰባተኛ የሌለው» ማለት ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፦ ይህ ትዝታ ሜጀር ነው። «ቀና ብለን እንራመድ» አብዛኛው ዋና ዜማው እዚህ ላይ ነው። የዮናኑኪ ማይነሩ ከትዝታ ማይነር ጋር አንድ ነው። «ሚያኮቡሺ» የሚባለው ኮቶና ሻሚሴን የተባሉት ባለ አውታር መሣሪያዎች ስልት ከአምባሰል ጋር ይገጥማል፤ የደቡቦቹ የኦኪናዋ ደሴቶች ስልት ደግሞ ከባቲ ሜጀር ጋር። የመጨረሻውን ለመፈተሽ ክራር በባቲ ቃኝተው በ1992 የወጣውን፣ ዘ ቡም የተባለውን ቡድን «ሺማ ኡታ» ያጅቡ፤ መሐል ላይ ስልቱ ስለሚለወጥ እዚያ ላይ ክራሩ ይጣላል፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ባህላዊ አጨዋወት ላይ የድምፆቹ ርቀት በሁለቱም አገር ከፒያኖ ትንሽ ይለያል፤ ስለዚህ ከቅጂው ጋር አብረው ሲጫወቱ በጆሮ ያስተካክሉ።

ጃፓንኛ አልችልም። በፊደል ጽፌ መዝፈን እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ከላቲን ፊደልም ይሻላል። የጃፓን ሂራጋና እንደ እኛ ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ የያዘ ነው። አናባቢዎቹ አምስት ናቸው፦ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ብቻ ይጠቀሙ። ግዕዙን ይተዉት። ሳድስ የሚገባው በሁለት ቦታ ነው፤ «ን» ላይና በሚጠብቅ ድምፅ ላይ።

እያንዳንዱ ፊደል እኩል አንድ ምት ይወስዳል። የመጀመሪያው ዘፈን ርዕስ እንዲህ ይቆጠራል፦ ኡ-ኤ-ኦ-ሙ-ኢ-ቴ-ኣ-ሩ-ኮ-ኦ፤ አሥር ምት። በጠረጴዛ ላይ በጣት እየመቱ ያንብቡት፤ አሥር ካልሞላ አንድ ቦታ ዋጥ አድርገዋል ማለት ነው።

በአንድ ሳምንት አንድ ዘፈን ይበቃል። መጀመሪያ ቀን ሳይዘፍኑ ሦስት ጊዜ ያድምጡ። ሁለተኛ ቀን አዝማቹን ብቻ በፊደል ጽፈው በምት ያንብቡ። ቀጥሎ የቪዲዮውን ፍጥነት ወደ 0.75 ዝቅ አድርገው አብረው ይበሉ፤ ሳይደናቀፉ ሲወጡት ወደ ልኩ ይመልሱት። ስንኞቹን ከአዝማቹ በኋላ ይጨምሩ።

የእኛ ሰው ሲዘፍን የሚበላሸው ምኑ ላይ ነው?

በብዛት ረጅም አናባቢ ላይ። አማርኛ አናባቢን በርዝመት አይለይም፤ ጃፓንኛ ይለያል። «ኦባሳን» አክስት ናት፣ «ኦባኣሳን» አያት። ስለዚህ የሚረዝመውን ሁለት ጊዜ ይጻፉት።

«ን» ላይም ይሳሳታል። እኛ «ጋንባሬ»ን ጋን-ባ-ሬ ብለን በሦስት እንከፍለዋለን፤ እነርሱ ጋ-ን-ባ-ሬ ብለው በአራት። ከ«ባ» በፊት ስለሆነ ሲነገር «ጋምባሬ» ይመስላል። «ን»ን ከፊቱ ካለው ጋር ከጠቀለሉት ከዜማው አንድ ምት ቀድመው ይደርሳሉ።

መጥበቅ ግን ስጦታችን ነው። «ገና» (በዓሉ) እና «ገና» (አልደረሰም) በመጥበቅና በመላላት እንደሚለዩ፣ «ኪቴ» ሲላላ «ና» ነው፣ ሲጠብቅ ቴምብር ነው። አውሮፓውያን ወራት የሚፈጅባቸውን እኛ ይዘነው ተወልደናል። የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ነጥብ ከላይ ያድርጉበት።

ድምፅ ካልደረሰ ቁልፉን ይቀይሩ። ካራኦኬ ላይ ቁልፉ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል፤ ወንድ «ማኬናይዴ»ን ሲዘፍን ሦስት ዝቅ አድርጎ ይሞክር፣ ካልበቃ አንድ አንድ እያለ ይበልጥ ዝቅ ያድርግ። በኃይል መጮህ አዝማቹን ወደ ጩኸት ይለውጠዋል።

ሰምቼ ሰምቼ ይብስብኛል። ምን ላድርግ?

ያቁሙት። አንድን ዘፈን በተከታታይ መደጋገም ከሐሳቡ ጋር አብሮ ያዞራል፤ ሁለት ጊዜ ሰምተው ተነሥተው ይንቀሳቀሱ። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት ወይም ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ያማክሩ፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ግን በዚያው ዕለት፣ አንድም ሌሊት ብቻዎን አይደሩ።

ትክክለኛውን ቅጂ እንዴት አገኛለሁ?

ርዕሱን በላቲን ከጻፉ በብዛት የሚመጣው ሌሎች የዘፈኑት ነው። የጃፓንኛውን ርዕስ ከአንድ የግጥም ገጽ ቀድተው ይፈልጉ፤ የድምፃዊውን ስምም አብረው ያስገቡ። «ስኪያኪ» ብለው ሲፈልጉ ግማሹ የምግብ አሠራር ነው። «ሃና ዋ ሳኩ» ብዙ ቅጂ አለው፤ ብዙ ሰዎች አበባ ይዘው በየተራ የሚዘፍኑበት የመጀመሪያው ነው። «ጉንጆኦ»ን የተማሪዎች ኅብረ ዝማሬ ሲዘምረው ይስሙት። የአሁኖቹ የብቸኛ ድምፃውያን ቅጂዎች ያምራሉ፤ ነገር ግን ዘፈኑ የተሠራው ለብዙ ድምፅ ነው፣ ወንዶቹ ልጆች ከታች ሲገቡ ነው ካርታው ላይ የተበተኑት ፊቶች የሚሰበሰቡት።